የቲማቲሙ ጣሳ

ሰሊጥ ሲቆላ ከቤት እወጣለሁ። ይህን ልማዴን ቤተሰቤ ሁሉ ያውቀዋል፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ግን የለም። ሽታው ራሴን ያመኛል ብዬ አስለምጃቸዋለሁ። ባለፈው ኅዳር ሸዋ ሮቢት፣ የልጅ ልጄ የትዕግሥት ቤት ሰንብቼ ሳለሁም እንዲሁ ሆነ። ትዕግሥት የዘጠኝ ወር ልጅ አላት። ከጤና ጣቢያ እንደተመለሰች፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «አያቴ፣ ዛሬ ምን እንዳስተማሩን ብነግርሽ» አለችኝ። ለሕፃን ለብቻው ድስት መጣድ አያስፈልግም፤ አባትና እናት የሚበሉትን አንድ ነገር ሠርቶ፣ በርበሬው ሳይገባ የልጁን ድርሻ ማውጣት፣ ከዚያ ሦስቱም አንድ ላይ መቀመጥ ነው። አዲስ የተገኘ መድኃኒት እንደምትነግረኝ ዓይነት ነበር አነጋገሯ። ለሕፃኑ ቅባት ይሆነዋል ተብላ ሰሊጥ ገዝታ መጥታለች፤ ብረት ምጣዱን ጣደችና መቁላት ጀመረች። እኔ ሻሼን አስተካክዬ ተነሣሁ። ልጄ ብርቄ፣ የትዕግሥት እናት፣ ከኋላዬ «እማዬ፣ ፀሐዩ ይመታሻል» አለችኝ። አልመለስኩም።

በአስፋልቱ ዳር ዳሩን ሄድኩ። ሽንኩርት የጫኑ መኪኖች ቆመው ጎማቸውን ያስመታሉ፤ ባጃጁ ለአሮጊት ቦታ አይሰጥም፤ ማንጎ ሻጮቹ ጥላውን ተሻምተው ይዘውታል። እኔ በማውቃት ሮቢት ይህ ሁሉ አልነበረም። ገበያ ነበር፣ ከገበያው ዳር ደግሞ ሣር ክዳን ቤቶች፣ ከቤቶቹ ወዲያ ማሽላ፣ ከማሽላው ወዲያ ግራር። ጣሊያን መጥቶ መንገዱን መሥራት ሲጀምር ግን ሰው ከየአቅጣጫው ፈሰሰበት። ቀን ቀን ከጣርማ በር በኩል የድማሚት ድምፅ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ይሰማል፤ ቆላው ሲንቀጠቀጥ የሚኖር ይመስለኝ ነበር። የአንድ ጠገራ ብር ዋጋ ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ነው። አሞሌ ጨው ጠፍቶ ነበር፤ የተገኘ እንደሆነ እንደ ወርቅ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። አቡጀዲ የለበሰች ሴት ገበያ መሀል ካለፈች ሁሉም ዞሮ ያያል፤ ባሏ ካሚዮን ላይ ይሠራል ማለት ነው። እኔ የነበረኝ አባቴ የሠራልኝ ቀይ ጥለት ያለው ኩታና አንድ ጉፍታ ነበር። ባሌ ደምሴ ደግሞ ከወታደር የገዛው ጫማ ነበረው፤ የሁለት ሰዎች ጫማ ሳይሆን አይቀርም፣ አንዱ ከአንዱ በጣት ይበልጣል። ሲራመድ አንዱ ጧ፣ አንዱ ፏ ይላል። ከመንገድ ሥራው ሲመለስ፣ ገና ሳላየው፣ በዚያ አረማመዱ ነበር የምለየው። የመንገድ ሠራተኞቹ መዶሻ ሲያነሡ የሚሉትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፦

ተራራው ተበስቶ መኪና ሲሄድበት፣
የኔ ጉሮሮ መች ነው እህል የሚያልፍበት።

ዘፈኑ ቀልድ ነበር። በዚያ ኅዳር ግን ሲዘፈን ስሰማ ተነሥቼ ወደ ጓሮ እሄድ ነበር፤ እህል የማያልፍበት ጉሮሮ በቤቴ ነበርና።

እኔ ማጀቴ የሚባል አገር ልጅ ነኝ፤ አባቴ ሸማኔና የጥጥ ነጋዴ ነበር። ደምሴ የጣርማ በር ደገኛ ነው፤ በበቅሎ ጨው እያወረደ፣ ጥጥ እየጫነ ከአባቴ ደጃፍ ይደርስ ነበር። እኔ እስላም፣ እሱ ክርስቲያን። ስለ መፈቃቀዳችን ብዙ መጻፍ አልፈልግም፤ ጥጥ ሲመዘን ቆሜ አይ ነበር፣ እሱም መቆሜን ያይ ነበር። በሰማኒያ ተጋባን፤ እኔም ኒካህ የለኝ፣ እሱም ቁርባን የለው። አባቴ ስወጣ አልረገመኝም። «ሰላትሽንም ጾምሽንም ከዚያ ሰው ደጃፍ ላይ አስቀምጠሽ ነው የምትገቢው» ብቻ አለኝ። የደምሴ እናት ደግሞ በመንገደኛ አፍ፣ ከእስላም ድስት የበላ ልጅ እኔ ቤት እንዳይቀርብ ብላ ላከች። ሁለታችንም ነገሩን ቀለል አድርገን ሳቅንበት። ነገሩ ግን ሥራውን ይሠራ ነበር፤ ያንን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

በዚያች አንድ ክፍል ቤታችን ሁለት ጉልቻ ነበረ። የእሱ በበሩ በኩል፣ የእኔ በጓዳው በኩል። የእሱ ድስት፣ የእኔ ድስት፤ የእሱ ገበታ፣ የእኔ ገበታ። እሱ የክርስቲያን ሥጋ ይበላል፣ እኔ የእስላም፤ ሥጋ የነካውን ዕቃ ደግሞ አጥቦ ለሌላው መስጠት አይሆንልንም ነበር። ሽሮ እንኳ ቢሆን ለየብቻ ነው። እኔ ነበርኩ የበረታሁት፤ እሱ ቢተውልኝ ግድ አልነበረውም። ጓደኞቹ «ደምሴ አንድ ሚስት አግብቶ ሁለት ማጀት ያስተዳድራል» እያሉ ይስቁበታል። እሱም «ሁለት ማጀት፣ ግማሽ እህል» ይላቸዋል። ሲበላ ፊቱን ወደ ውጭ ያዞራል፤ ጉልቻው በሩ ላይ ነው፣ ደግሞ ሠራተኛ የሚጭነው ካሚዮን እንዳያመልጠው መንገዱን መጠበቅ አለበት። እኔ ደግሞ ሕፃኗ ከተኛች በኋላ ጓዳ ገብቼ እበላለሁ። ማንም ምንም ክፉ አላሰበም። ቤቱ እንዲያ ሆኖ ተሠራ፣ እኛም እንዲያ ሆነን ኖርንበት።

ሕፃኗ ብርቄ ናት። አሁን ሰባ ሊሞላት ነው፣ በርበሬ የሌለበት ወጥ ካቀረቡላት ትቆጣለች። ያኔ የስምንት ወር ልጅ ነበረች።

በዚያ ዓመት ረመዳን ከገና ጾም ጋር ተገጣጠመ። ረመዳኑ ቀድሞ ገባ፣ ኅዳር ሲጋመስ የእሱም ጾም ተከተለ። የምታጠባ ሴት እንዳትጾም የተፈቀደላት መሆኑን አውቃለሁ፤ ማንም አላሳሳተኝም። ደምሴም ያውቅ ነበር፤ ከቆላ ሰው ጋር ሲነግድ የኖረ ነው። ስለዚህ ማለዳ ሲወጣ፣ ከመንገድ ሥራው ከሚሰጠው ፉርኖ ዳቦ ግማሹን ቆርሶ «ቀን ብይው፣ ለወተቱ ይሆንሻል» እያለ በመደቡ ላይ ያስቀምጥልኝ ነበር። እኔም እሺ እላለሁ። ከሄደ በኋላ ዳቦውን አንሥቼ የሰሊጡ ማሰሮ ውስጥ እከተዋለሁ። እጾም ነበር። ከማጀቴ ስወጣ አባቴ ያላት ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነበረች፤ አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ደጃፍ ላይ ሳላስቀምጥ ይዤ እንደገባሁ ለማሳየት ፈለግሁ። ለማን እንደማሳይ አላሰብኩትም፤ አባቴ አያየኝም ነበር። ዳቦውን ለሰው እንዳልሰጥ ወሬው ደምሴ ጆሮ ይደርሳል፤ እንዳልጥል ደግሞ እህል መጣል ነውር ነው።

ወተቴ መጀመሪያ ቀነሰ፣ ከዚያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ሆነ፣ ከዚያ ብርቄ ጡቴን ይዛ ቆይታ ፊቷን የምታዞር ሆነች። አጥሚት ሠራሁላት፤ አፏን ገጠመች። ማር ከንፈሯ ላይ ቀባሁ፤ በእጇ ጠረገችው። ያኔ እንደሚደረገው በመዳፌ ጋትኋት፤ ትን ብሏት ፊቷ ስለጠቆረብኝ ሁለተኛ አልሞከርኩም። ደምሴ አንድ ቀን የቆርቆሮ ወተት ይዞ መጣ። የአሳማ ወተት ነው የሚል ወሬ ነበርና ከደጅ አላስገባሁትም። «አሳማ ማን አልቦ ያውቃል?» አለኝ። «ፈረንጅ የማያልበው ምን አለ?» አልኩት። ቆርቆሮውን ሸጦ በምትኩ የሻይ ቅጠል ይዞ መጣ፤ ምን እንደምናደርግበት ሁለታችንም አላወቅንም። እኔ በዚያ ሰሞን መቀመጥ አልቻልኩም። ልጅቷን ታቅፌ ከጓሮ ወደ በር፣ ከበር ወደ ወንዙ እመላለሳለሁ። ቆሜ የምትተነፍስ መሆኗን አያለሁ፣ እንደገና እሄዳለሁ። የሰው ደጃፍ ላይ ብቆም የሚጠይቁኝን ስለማውቅ አልቆምም።

ያቆሙኝ እትዬ ፋጤ ናቸው። ብርቄን ያዋለዱኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ አፋቸው የተፈታ፣ እጃቸው የቀለለ፣ ለቀልድም ለስድብም የማይዘገዩ። ከወንዙ ስመለስ መንገድ ላይ ያዙኝ።

«አንቺ፣ ምን ጠፍቶሽ ነው ወዲያ ወዲህ የምትይው? ነይ ግቢ።»

ቤታቸው አስገብተው ልጅቷን ተቀበሉኝ። ክንዷን በሁለት ጣታቸው ለኩት። ከዚያ ልጅቷን በአንድ እጃቸው እንደያዙ «ጡትሽን አውጪ» አሉኝ። አወጣሁ።

«ይሄ ባዶ ቅል ነው። ምን እየበላሽ ነው?»

«እበላለሁ፣ እትዬ ፋጤ።»

«መቼ?»

የልጅቷን ጨርቅ ማስተካከል ያዝኩ።

«ሲመሽ በይኛ። እኔ እኮ ነኝ ይቺን ያወጣሁት፤ ያኔ ምኑን ደብቀሽኝ ነው ዛሬ የምትደብቂኝ?» ልጅቷን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «አላህ ለምታጠባ ትቶልሻል። ሲመችሽ በሌላ ቀን ጾመሽ ቀዷ ታወጪዋለሽ። እሱ የተወልሽን አንቺ የምትይዢው ለእሱ ነው ወይስ ለአባትሽ?»

ጡቴን መልሼ ሸፈንኩ። የእሳቸው ዓይን ግን ልጅቷ ላይ ነበር። ቆሎ አፋቸው ውስጥ ጣል አድርገው ማኘክ ጀመሩ። እሳቸው ጾም የማይችሉ አሮጊት ነበሩ። ብርቄ ቀና ብላ አፋቸውን አየች። ያኘኩትን ስትከተል የራሷ አገጭ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«ይቺ ልጅ ሰው ሲበላ አይታ ታውቃለች?» አሉ።

«እንዴት?»

«እንዴት ትያለሽ? ባልሽ በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ እንደ ዘበኛ ይጎርሳል፣ አንቺ ጓዳ ገብተሽ እንደ ሌባ። ጥጃ እንኳ ሣር የሚለምደው እናቱ ስትግጥ አይቶ ነው። ይቺ በምን ትወቀው? አፍ የተሠራው ለልቅሶ ብቻ ይመስላታል።» ልጅቷን መለሱልኝ። «አንድ ነገር ሥሩ። አንድ። በብርሃን፣ ፊቷ ላይ፣ ሦስታችሁ ካንድ ዕቃ ብሉ። ነገ ጠዋት። ከነገ ወዲያ ከሆነ እኔ አላውቅበትም።»

ያን ዕለት ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ የደምሴ ጫማ ተሰማ። ደጅ ላይ ጠብቄ ስለ ጾሙ ሳይሆን ስለ አንዱ ገበታ ብቻ ነገርኩት። ጾሙን መናገር አልቻልኩም። ሰማኝና፣ «በየትኛው ድስት?» አለ።

ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነበር። የእሱ ድስት የመስቀል በሬ የተቀቀለበት ነው። የእኔ ደግሞ ከረመዳን በፊት ፍየል ወጥቶበታል። ከእትዬ ፋጤ ብንዋስ የእስላም ነው፤ ከወዲያኛው ጎረቤት ብንዋስ የክርስቲያን። ሸክላ ሠሪዎቹ የሚመጡት በገበያ ቀን ነው፤ ገበያው ደግሞ ገና አራት ቀን ይቀረዋል። አሁን ሳስበው፣ ልጃቸው ክንዷ እንደ ማሽላ አገዳ የቀጠነባቸው ሁለት ሰዎች ቆመው ስለ ድስት ሲማከሩ ለሰሚ ያስቃል። ያን ጊዜ ግን ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ አልነበረንም። እሱ የእኔን ድስት ቢቀበል እናቱን ካደ፤ እኔ የእሱን ብቀበል ለአባቴ ቃል ምስክር ሆንኩ።

ደምሴ ዙሪያውን ሲያይ ዓይኑ ውሃ የምቀዳበት ጣሳ ላይ ዐረፈ። ከጣሊያኖቹ ድንኳን ጀርባ ተጥሎ ያገኘው ትልቅ የቲማቲም ጣሳ ነበር፤ ጎኑ ላይ ሁለት ቀይ ቲማቲም ከነቅጠሉ ተሥሎበታል።

«ይሄ የማንም አይደለም» አለ።

«ሥጋ የነበረበትስ ቢሆን?»

«ሥዕሉን አታዪም? ቲማቲም ነው።»

«ቲማቲም ሥሎ ሌላ ነገር ቢከትበትስ?»

«ሲከፍቱት ቆሜ አይቻለሁ። ቀይ ነበር። አለቃችን ካቦው በጣቱ ሲልሰው ነበር።»

«ቀይ የሆነ ሁሉ ቲማቲም ነው?»

ሳቅ ያዘው። ከዚያ ሳቁ ሳያልቅ ፊቱ ተለወጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዘሃራ፣ ልጅቷ እየሞተች ነው» አለኝ። ይህን ቃል ከሁለታችን አንዳችንም እስከዚያች ሰዓት አውጥተን አልተናገርነውም ነበር። ጣሳውን አንሥቼ ሮቢ ወንዝ ወረድኩ። በአመድ፣ ከዚያ በአሸዋ፣ ከዚያ እንደገና በአመድ ፈተግሁት። ከሁለቱ ቲማቲም አንዱ ለቀቀ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ደምሴ የራሱን ጉልቻም የእኔንም ትቶ፣ ደጅ ላይ፣ ልጅቷ በምታይበት ቦታ፣ ሦስት አዲስ ድንጋይ አስቀመጠ። ማማሰያ ስፈልግ «እሱስ የማን ነው?» አለኝና ከአጥሩ እርጥብ እንጨት ቆርጦ ልጦ ሰጠኝ። ውሃው መፍላት ጀመረ። የማሽላው ዱቄት ተነፍቷል። ቅቤ ለእሱ ጾም አይሆንም፤ ስለዚህ የምናስበው ቅባት ሰሊጥ ብቻ ነው። እኔ እሳቱን ስቆሰቁስ፣ ሰሊጡን እሱ ሊያመጣ ገባ። እንዳይገባ ልለው አሰብኩ። ምን ብዬ?

ሲቆይብኝ ዞር አልኩ። ማሰሮውን ታቅፎ በሩ ላይ ቆሟል። ቁጭ አለና እጁን አስገብቶ ዳቦዎቹን አንድ በአንድ እያወጣ፣ ሰሊጡን እያራገፈ መሬቱ ላይ ደረደራቸው። አሥራ አንድ ግማሽ ዳቦ። የመጀመሪያዎቹ እንደ ድንጋይ ደርቀዋል፤ የትናንቱ ገና ለስላሳ ነበር።

«ጾመሻል» አለ።

«አዎ።»

ዳቦዎቹን እንደገና ቆጠራቸው። ይጮሃል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ እኮ ስሰጥሽ እየራበኝ ነበር የምሰጥሽ።»

«እኔም ስደብቀው እየራበኝ ነበር የምደብቀው።»

«ታዲያ ማን በላው?» አለ።

ይህን ጥያቄ በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ለራሴ ጠይቄዋለሁ። ያን ጊዜ ሰሊጡን ተቀብዬው መቁላት ጀመርኩ። ሽታው ተነሣ። ብርቄ ጨርቅ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ጀርባዋ ስለማይችል ደምሴ በሁለት እግሩ መሀል ደግፏታል። ሰሊጡን ወቀጥኩ። እሱ ከደረቁት ዳቦዎች ሁለቱን አንሥቶ ሙቀጫው ውስጥ ጣለና «ይሄም ይግባ» አለ። ገባ። ዱቄቱን ጣሳው ውስጥ እየነሰነስኩ አማሰልኩ፤ ቀጭን ገንፎ ሆነ፣ ሰሊጡ ፊቱን አወዛው። የልጅቷን አስቀድሜ በቅል ላይ አወጣሁ፤ ጨው የገባው ከዚያ በኋላ ነው። በርበሬ እንዳይገባ እሱ ራሱ ተናገረ፤ ከእኛ ስትወስድ እንዳያቃጥላት። ከዚያ ሁሉንም አንድ ገበታ ላይ፣ የእሷን በአንድ ዳር፣ የእኛን በሌላ ዳር አድርጌ መሀላችን አስቀመጥኩ። አዲስ ገበታ አልነበረንም፤ የኮባ ቅጠል አንጥፌበታለሁ።

የካሚዮኑ ጥሩምባ ሲነፋ ገና ምንም አልጎረስንም። ሦስት ጊዜ ነው የሚነፋው፤ ሦስተኛው ላይ ያልደረሰ ይቀራል፣ የቀረ ደግሞ ከዝርዝሩ ይፋቃል።

«ሂድ» አልኩት።

«ዝም በይ» አለ። እሱ በጾም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አይቀምስም ነበር። አማተበ። «ሰዓቱን ይቅር በለኝ» አለና ጎረሰ። ፊቱን ወደ ልጅቷ አድርጎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ገንፎ ማላመጥ እንደሚያስፈልገው ሁሉ እያጋነነ አላመጠ። ጺሙ ይነሣል ይወርዳል። ብርቄ አየችው። አፏ ግን እንደተገጠመ ነው። በጣቱ ጫፍ ወደ ከንፈሯ አስጠጋላት፤ ፊቷን አዞረች፤ ወደ እኔ አዞረች።

ሁለተኛው ጥሩምባ ተነፋ። እኔ ጉርሻው እጄ ላይ ነው። ከማታ ጀምሮ እንደማልጾም ወስኜ ነበር፤ የጾም ኒያም አላደረግኩም። ነገር ግን ፀሐይ ከግራሮቹ በላይ ወጥታ ነበር፣ እጄም አልነሣ አለ። አሁን ብርሃኑ ነው የሚታወሰኝ፤ ሁሉንም ነገር ለየብቻው የሚያሳይ ዓይነት ብርሃን። ደምሴ አላስገደደኝም። ልጅቷ ትመለከተኛለች። ዓይኗ ከፊቷ ገዝፎ ነበር። አፌን ነበር የምትመለከተው።

በላሁ።

ያን ጉርሻ ስውጥ ሦስተኛው ጥሩምባ ተነፋ፣ ካሚዮኑም ሄደ። ሁለተኛውን ጎረስኩ። ብርቄ ከአባቷ እግር መሀል ወደፊት ዘመመች፤ ክንዷን ዘርግታ ጣቷን ከንፈሬ ውስጥ አስገባች። ከአፌ ገንፎውን ወስዳ ወደ ራሷ አፍ ከተተችው። ፊቷን አጨማደደች። ዋጠች። እንደገና እጇን ዘረጋች። በቅሉ ያስቀመጥኩላትን አልፈለገችም፤ ከእኔ አፍ፣ ከዚያም ከአባቷ ጺም ላይ ነበር የምትለቅመው። ደምሴ ጺሙን ሆን ብሎ ገንፎው ውስጥ ነከረ። እትዬ ፋጤ በአጥር በኩል ራሳቸውን ብቅ አድርገው፣ «ደምሴ፣ ጺምህንም እንዳትበላብህ» አሉት። «ትብላው፣ እትዬ፤ እሱ ጾም ነው» አላቸው።

ደምሴ ከዝርዝሩ ተፋቀ። ጥቂት ቀን ቆይቶ በጀውሃ በኩል ድንጋይ ተሸካሚ ሆኖ ገባ፤ ሥራው የከበደ፣ ዳቦው ያነሰ። ብርቄም በአንድ ቀን አልዳነች፤ አንዳንድ ቀን ትበላለች፣ አንዳንድ ቀን አፏን ትገጥምና እኔ እንደገና ከበር ወደ ወንዝ እመላለሳለሁ። ለገና ግን ክንዷ ሞላ። ወተቴም ተመለሰ፤ እንደ ድሮው አልሆነም፣ ግን ተመለሰ። ድስቶቻችን ለሥጋ እንደተለያዩ ቀሩ፤ የዕለት እህላችን ግን ያ ጣሳ እስኪበሳ ድረስ በእሱ ውስጥ ነበር የሚሠራው። ጣሊያን ወጥቶ፣ እኛም ወደ ደብረ ብርሃን ወጥተን፣ እኔ ከብርቄ ጋር በአንድ ኩራዝ እያጠናሁ የማታ ትምህርት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስማር፣ ጣሳው አሁንም መደርደሪያ ላይ ነበር። የቀረው ቲማቲም እየደበዘዘ ሄዶ በመጨረሻ የት እንደነበረ የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ሆንን። ደምሴ ካረፈ ብዙ ዓመት ሆነው። ስለ ዳቦዎቹ ለማንም አልተናገረም፤ ለራሴም ዳግመኛ አላነሣብኝም። የቀሩትን የረመዳን ቀኖች በበጋው ቀዷ አወጣሁ። የመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ ቀኖች ለማን እንደተጾሙ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ይህን ሁሉ ይዤ እስከ ድልድዩ ሄጄ ተመለስኩ። የትዕግሥት ቤት አሁንም ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸታል። ገንፎው ተሠርቷል፤ በጤና ጣቢያው እንደተባለው አንድ ድስት፣ የሕፃኑ ድርሻ ተለይቶ። ትዕግሥት ማንኪያ ይዛ ቆማ «አም በል፣ አም በል» ትላለች፤ ልጁ አፉን ገጥሞ ቴሌቪዥኑን ያያል። ባሏ የባጃጁን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ፣ ሳህኑን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሩ ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ይጎርሳል። ብርቄ ወንበር ላይ ተቀምጣ በርበሬ እስኪመጣላት ትጠብቃለች።

እንደ ልማዴ ቢሆን ሽታው እስኪጠፋ ደጁ ላይ እቆም ነበር። ገባሁ።

«ቁልፉን አስቀምጥ» አልኩት።

በዚህ ቤት ማንንም አዝዤ አላውቅም። ባሏ ዞር ብሎ ሚስቱን አየ። «አያቴ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው» አለ።

«ይጠብቅ። ና፣ እዚህ፣ ፊቱ ላይ ተቀመጥ። አንቺም ቁጭ በይ፣ ትዕግሥት። ማንኪያውን ተዪው፤ ከገበታው ብሉ።»

ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። እኔም ጉልበቴን ይዤ፣ ቀስ ብዬ፣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ቴሌቪዥኑን ብርቄ ዘጋችው። ከገንፎው ቆርሼ ጎረስኩ። ጥርስ የለኝም፤ ቢሆንም አላመጥኩ። ልጁ መጀመሪያ አባቱን አየ፣ ከዚያ እናቱን፣ ከዚያ ዓይኑ እኔ አፍ ላይ ዐረፈ፤ አገጩም ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«ይሄን ደግሞ ማን አስተማረሽ?» አለችኝ ብርቄ ከወንበሯ ላይ።

«አንቺ» አልኳት፣ ገበታውንም ወደ እሷ ጠጋ አደረግሁላት።